የዘመኑን ግጥም ሳነብ ከሰሙ እጀምራለሁ

የዘመኑን የአማርኛ ግጥም ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ሰሙን፣ ማለትም ላይ ላዩን የሚነበበውን ትርጉም ነው። ብዙ አንባቢ ርዕሱን እንዳየ ወርቅ፣ ማለትም የተሰወረውን ትርጉም ፍለጋ ይሮጣል፤ ዝናብ ካለ መንግሥት ነው፣ በር ካለ ስደት ነው ይላል። ሰሙ በቅጡ ሳይያዝ የተገኘ ወርቅ ግን አንባቢው ራሱ ይዞት የመጣው ነው፤ ግጥሙ ውስጥ አልነበረም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ንባቤ በድምፅ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው። በዓይኑ ብቻ ያነበበ ሰው ሳያውቀው አንዱን መርጦ ያልፋል። እኔ የሚያጠራጥረኝ ቃል ላይ በእርሳስ ነጥብ አደርግና በሁለቱም መንገድ አነበዋለሁ። ሁለቱም ካስኬዱ ኅብረ ቃሉ፣ ማለትም ሁለቱን ትርጉም የያዘው ቃል፣ እዚያ እንዳለ እጠረጥራለሁ።

ቀጥሎ ቀለም፣ ማለትም በአንድ አናባቢ የሚጠራውን የድምፅ ክፍል እቆጥራለሁ። ለማሳያ ያህል ይህን ስንኝ ሠርቻለሁ፦

ዝናብ ያቆመው ሰው ደጁን ሲያይ ዋለ

በፊደል 17 ነው። አናባቢ የሌላቸውን ሳድሶች (ስድስተኛ ፊደሎች)፣ ማለትም «ብ»ን፣ ሁለቱን «ው»፣ «ን»ን እና «ይ»ን ስንቀንስ 12 ቀለም ይቀራል። 6 በ6 ስለሚከፈል የወል ቤት ነው። የመጀመሪያው «ዝ» ሳድስ ቢሆንም አናባቢ ስላለው ይቆጠራል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ወይ ሳድስን ሁሉ ይጥላል፣ ወይ ሁሉንም ይቆጥራል። 5 በ5 ሲሆን ሰንጎ መገን ይባላል፤ የ8 ቀለሙ አካሄድ ደግሞ በባለቅኔው በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም ጸጋዬ ቤት ተብሏል። ስሞቹን መሸምደድ ብቻውን አይጠቅምም። ቆጠራው የሚጠቅመው ምቱ የተሰበረበትን ቦታ ስለሚያሳይ ነው። አምስት ስንኝ 6 በ6 ሄዶ ስድስተኛው 6 በ4 ከሆነ፣ ገጣሚው ወይ እዚያ እንድንቆም ፈልጓል፣ ወይ ስንኙ አምልጦታል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ትርጉሙ ነው።

ስንኙ ነጻ ከሆነ፣ ማለትም ቋሚ ምት ከሌለው፣ መስመሩ የተቆረጠበትን ቃል አያለሁ። መስመሮቹን አገጣጥሜ እንደ ዝርው (ስድ ንባብ) ሳነባቸው ምንም ካልጎደለ፣ አቆራረጡ ሥራ አልነበረውም።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ግሱን መፈለግ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያሳርፋል፤ ገጣሚ ግን ቤት ለመምታት (የስንኞቹን መጨረሻ ድምፅ ለማስማማት) ወይም አንዱን ቃል ለማጉላት ያዘዋውረዋል። እኔ መልሼ ወደ ተራ ዓረፍተ ነገር አመጣውና ማን፣ ማንን፣ ምን አደረገ ብዬ እጠይቃለሁ። ከላይ ባለው ስንኝ ሰውየውን ዝናቡ ነው ያቆመው ወይስ ዝናቡን ያቆመው ሰውየው ነው? ሰዋስው ሁለቱንም ይፈቅዳል። በአንደኛው መንገደኛው ተጠልሎ መውጫ ሲጠብቅ ይውላል፤ በሁለተኛው አንድ ሰው በእጁ የሆነውን ማመን አቅቶት ደጅ ደጁን ያያል። «ሲያይ ዋለ» በአንዱ መሰልቸት፣ በሌላው መደነቅ ሆነ። እዚህ ለመድረስ አንድም ተምሳሌት መፍታት አላስፈለገም።

ቤት አመታቱንም አልተውም። በግስ ቅጥያ ብቻ የሚገጥም፣ «ሄደና» ብሎ «መጣና» የሚል ግጥም ቀላሉን መንገድ ይዟል። ስም ከግስ ጋር ሲገጥም ግን ጆሮ ይነቃል።

መድበል ይዤ ስቀመጥ ከሦስት ግጥም አላልፍም፤ ከዚያ በኋላ ያለው የቀደመውን ዜማ ተሸክሞ ስለሚነበብ የራሱ ድምፅ ይጠፋብኛል። ያልገባኝን በእጄ እገለብጣለሁ። እጅ ከዓይን ስለሚዘገይ፣ ዓይን የዘለለው ነጠላ ሰረዝና የተደገመ ቃል ያኔ ይታያል።

በሙዚቃ ታጅቦ ሲነበብ የወደድሁትን ግጥም ጽሑፉን ፈልጌ ያለ ሙዚቃ አነበዋለሁ፤ ክራር ወይም ሳክስፎን የደካማ ስንኝን ጉድለት ይሸፍናል። የገጣሚው ንባብ ጥቅም ሌላ ነው፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ይነግረኛል። እሱንም የምሰማው የራሴን ነጥቦች ካደረግሁ በኋላ ነው፤ ቀድሜ ከሰማሁት ጆሮዬ ላይ የሚቀረው እሱ የመረጠው ንባብ ብቻ ይሆናል።