«ዋይፋይ አለ?»

መርከበኛ ወደብ ሲደርስ የሚያርፍበትን የክርስቲያን ማዕከላችንን በር ከፍቶ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጸሎት አይደለም። «ዋይፋይ አለ?» ነው። ቀጥሎ የመመለሻው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ይጠይቃል። የጸሎት ክፍሏ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጀርባ ናት። የፈለጋት ራሱ ያገኛታል።

ይህን የማነሳው ወዳጆቼ «እዚያ ሄደሽ ምን ትሰብኪያለሽ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ ነው። ምንም አልሰብክም። ቫን እነዳለሁ፣ ሲም ካርድ አወጣለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ያም ሙያ እዚህ ይጠቅማል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ጠቀመኝ።

ሥራው የሚጀምረው ከስልኬ ነው። የመርከቦችን እንቅስቃሴ የሚያሳይ አፕ አለ። የቱ እየገባ እንደሆነ፣ የቱ ከውጭ መልሕቅ ጥሎ ተራ እየጠበቀ እንደሆነ አያለሁ። የመርከቡ ዓይነት ብዙ ነገር ይነግረኛል። እህል የጫነ ከሆነ ቀናት ሊቆይ ይችላል። ዝናብ ከጣለ ደግሞ እህሉ እንዳይረጥብ ክዳኑ ይዘጋና ማራገፉ ይቆማል። ስለዚህ ሰማዩ ሲጠቁር እኔ ደስ ይለኛል፤ የመርከቡ ባለቤት ግን ደስ እንደማይለው እገምታለሁ። ኮንቴይነር የጫነው ግን ሌላ ነው። ክሬኖቹ ሌሊትም አያርፉም። አንዳንዴ አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላው ጨርሶ ይወጣል።

በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ መርከበኛው ፈረቃ አለበት። ስንቅና ነዳጅ ይረከባል፣ ተቆጣጣሪ ያስተናግዳል። ዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ሕግ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት ዕረፍት ይገባዋል ይላል። እኛ ጋ የሚመጣው ከዚያችው ዕረፍት ላይ ቀንሶ ነው። ወይ ይተኛል፣ ወይ ምድር ይረግጣል። በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ሳይ ቅር የማይለኝ ለዚህ ነው።

በእግሩ ደግሞ መምጣት አይችልም። ኮንቴይነር ተሸክመው በሚሯሯጡ መኪኖች መሀል እግረኛ አይፈቀድም። የወደቡ በርም የራሱ ጣጣ አለው። የመርከቦችና የወደቦች ደኅንነት ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ቁጥጥሩ ጠብቋል። ያለ ፈቃድ የሚገባም የሚወጣም የለም። እኛ ሹፌሮች የመግቢያ መታወቂያ አለን፤ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ሄልሜትና ሴፍቲ ጫማም እናደርጋለን። ወጣቶቹ መርከበኞች «ማም» ይሉኛል። በሄልሜት ስር እንዴት እንደምመስል ባላስብ ይሻላል።

ማዕከሉ ራሱ ብዙ የሚወራለት ቤት አይደለም። ሶፋ፣ የፑል ጠረጴዛ፣ አንድ ሁለት ገመዱ የላላ ጊታር፣ ሰዎች ሠርተው የሚልኩልን የሱፍ ኮፍያ የሞላበት ካርቶን። ሁሉም ስልኩን ይዞ ጥግ ጥጉን ይይዛል። በቪዲዮ ኮል ለቅሶና ናፍቆት ብቻ ይመስላችኋል? አንዱ ለልጁ ክፍልፋይ ሲያስረዳ ሰምቻለሁ፤ ልጁ አልገባው ብሎ አባትየው ሲናደድ ጭምር። ሌላው ቤት እያሠራ ነው፤ ከግንበኛው ጋር ስለ መስኮት ስፋት ይከራከራል። ሚስቱ ስልኩን እንደ ካሜራ ይዛ ግድግዳውን ታዞረዋለች።

የማልረሳው አንድ የመርከብ ምግብ አብሳይ አለ። ሌሎቹ ስልካቸው ላይ ሲጣዱ እሱ ወጥ ቤታችንን አንገቱን አስግጎ አየና «ዛሬ የሚያበስለው ማነው?» አለ። እኔ ነበርኩ። ዝም ብሎ ተቀመጠ። ወራቱን ሙሉ ለ22 ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ሲያበስል ከርሟል፤ የፈለገው ሌላ ሰው የሠራውን መብላት ነበር። እኔ ደግሞ ምግብ ላይ እስከዚህም ነኝ። ሁለቴ አስጨመረኝ።

መውጣት ላልቻሉት እኛ እንወጣለን። የመርከቡ መሰላል ቀጥ ያለና የሚወዛወዝ ነው፤ አንድ እጅ ሁልጊዜ ገመዱን መያዝ አለበት። ጫፍ ላይ መዝገብ ፈርመን መመገቢያ ክፍል እንገባለን። ብዙ ጊዜ የመኮንኖቹና የሠራተኞቹ ክፍል ለየብቻ ነው። እኔ ሁለቱም ጋ እገባለሁ። ካፒቴን ብቸኛ ሰው ነው፤ የሚያማክረው የለውም። ይህን ያስተማረኝ ቄሳችን ነው፤ አሁን ራሴም አይቼዋለሁ።

ወደ ሂሳቡ ልመለስ። አንድ የሞተር ክፍል ወጣት የደሞዝ ወረቀቱን ዘርግቶ «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። ለሥራ ማስቀጠሪያ ተብሎ በየወሩ የሚቆረጥ ገንዘብ ነበር። ይህ አይፈቀድም። እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቶ በ2013 ሥራ ላይ የዋለው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት የማስቀጠሪያ ክፍያ መርከበኛው ላይ መጫንን ይከለክላል። እንደ ፓስፖርትና የጤና ምስክር ወረቀት ያሉ ጥቂት ወጪዎች ብቻ ናቸው በእሱ ላይ ሊወድቁ የሚችሉት። በመርከቡ ላይ አቤት የሚባልበት ሥርዓት እንዳለ፣ ያ ካልሆነ የወደቡ ተቆጣጣሪና የሠራተኛ ማኅበሩ ኢንስፔክተር እንዳሉ ነገርኩት። ስሙ ሳይወጣ መጠየቅ እንደሚቻልም ጨመርኩ። ብዙ አሰበ። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፎ «ኮንትራቴ ሲያልቅ» አለ። ፈርቷል። ስሙ ጥቁር መዝገብ ላይ ከሰፈረ ሌላ መርከብ አያገኝም ብሎ ያምናል። የኢንስፔክተሩን ስልክ ቁጥር ግን ጽፎ ስልኩ ሽፋን ውስጥ ከተተው። መርከቡ ሌሊቱን ወጣ።

ከዚህ የባሰም አለ። ባለንብረቱ ገንዘብ ሲያጥረው መርከቡን ከነሰዎቹ ይተወዋል። ቢያንስ ሁለት ወር ደሞዝ ካልተከፈለ በሕግ እንደ ተተዉ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ መርከቦች ለዚህ ዋስትና መያዝ አለባቸው፤ እስከ አራት ወር ደሞዝ፣ ምግብና የመመለሻ ጉዞ ይሸፍናል። ዋስትና የሌለው መርከብ ሲገጥም ውኃና ስንቅ ተሸክሞ የሚሄደው እንደኛ ያለ ማዕከል ነው።

ታዲያ ክርስትናው የት ላይ ነው? ብዙዎች ይህን ይጠይቃሉ። የሚመጡት ሙስሊም፣ ሂንዱ፣ ቡድሂስት፣ ምንም የማያምኑም ናቸው። ሃይማኖት ማስቀየር በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ነገሩ የተጀመረው ግን በቄስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1835 ጆን አሽሊ የሚባል የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ቄስ በብሪስቶል ሰርጥ ነፋስ የሚጠብቁ መርከቦችን አየ። ማንም እንደማይጎበኛቸው ሲያውቅ በጀልባ ይሄድላቸው ጀመር። ከዚያ ሥራ የበቀለው ድርጅት በ1856 ተመሠረተ። ካቶሊኮቹ በ1920 ግላስጎ ላይ የራሳቸውን ጀመሩ። እኔ ደግሞ የሐዋርያት ሥራ 28ን እወዳለሁ። የጳውሎስ መርከብ ተሰብሮ ማልታ ላይ ሲወጡ የደሴቲቱ ሰዎች እሳት አነደዱላቸው። ክርስቲያን አልነበሩም፤ ክርስቲያኑ የረጠበው ሰውዬ ነበር። ያን ምዕራፍ ከፍቼ አላነብላቸውም። ሻይ እቀዳለሁ።

ሰሞኑን ሰው ቀንሷል። ሳተላይት ኢንተርኔት ያላቸው መርከቦች በዝተዋል፤ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ ያ የባሕር ሠራተኞች ስምምነትም ባለንብረቶች በተቻለ መጠን ኢንተርኔት እንዲያቀርቡ ይጠይቃል። ደግ ነው። ማዕከሎቹ ይዘጉ የሚሉ ግን አሉ፤ አልስማማም። ጓዳው ውስጥ ተኝቶ ስልክ የሚያይ ሰው አሁንም ያው መርከብ ላይ ነው። ያው አለቃ፣ ያው ንዝረት፣ ያው ሃያ ፊት። ዋይፋይ አለ ወይ ብለው የሚገቡትም ቢሆኑ ስልካቸውን ኪስ ከተው ፑል ሲጫወቱ ያመሻሉ።

መርዳት የምትፈልጉ ካላችሁ ቅርባችሁ ያለውን ማዕከል ጠይቁ። «መቼ ነው ቤትህ የምትገባው?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ አንዳንዱ መልሱን አያውቀውም። ኮፍያ በቂ አለን። የሚጎድለን ሹፌር ነው፣ በተለይ የማታ።