የአንገቱ ቁጥር

ኅዳር ገብቷል። የደብረ ብርሃን ብርድ ለጉድ ነው። ዛሬ ጠዋት የሞተሬን ወንበር ውርጭ በአሮጌ የስልክ ካርድ ፍቄ ነው የወጣሁት። አንዴ ስረግጣት ተነሳች። ጎረቤቴ በር ላይ ቆሞ ጥርሱን እየፋቀ «ዛሬስ በሰላም ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ሰፈሩን በሙሉ በርግጫ ድምፅ ስቀሰቅስ ነበር።

ሥራዬ የእንስሳት ጤና ነው። ሞተሯ የመሥሪያ ቤት ናት፤ ያማሃ ኤጂ 200። ለማያውቃት፣ ለእርሻ ሥራ ታስባ የተሠራች ሞተር ናት። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አላት። ተዳፋት ላይ እንድትቆም ግራና ቀኝ ማቆሚያ አላት። ካቴናዋ ሽፋን ውስጥ ስለሆነ ጭቃ አይደርስበትም። 196 ሲሲ፣ በአየር የምትቀዘቅዝ፣ ባለ አንድ ፒስተን። ቁንጅና የላትም። መንዝ ላይ ማን ቁንጅና ይጠይቃል?

ነገሩ የጀመረው ጣርማ በር ላይ ነው። ከሸዋ ሮቢት እየተመለስኩ ነበር። ከኋላዬ የክትባት ሳጥን አለ፤ የበግ ፈንጣጣ ክትባት፣ ከነበረዶው። ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ሞተሯ ትበራለች። ደብረ ሲናን አልፌ ጠመዝማዛውን ስጀምር አፈናት። ቤንዚን ስሰጣት ጉልበት በመጨመር ፈንታ ትቀንሳለች። እየተንተፋተፈች ጣሊያን የሠራው ዋሻ አፍ ድረስ አደረሰችኝና ጸጥ አለች። ጉሙ ወርዷል። የጭነት መኪኖች እየጮሁ ያልፋሉ። እኔ እየቀዘቀዝኩ፣ ስለ በረዶው እየተጨነቅኩ ቆምኩ። ትንሽ አርፋ ስትነሳ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ብቻ እያዘገምኩ ቤቴ ገባሁ።

ማታ ለማውቃቸው ባለ ሞተሮች ሁሉ መልእክት ላክሁ። አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ፤ ሳየው አፍራለሁ። «ሞተሬ ዳገት ላይ ትታፈናለች፣ ምን ላድርግ?» በቃ፣ ይኸው ነው።

መልሱ ጎረፈ። ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚለኩሰውን) ቀይር። ቦቢና (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚልከው) ነው። ፋሻዋ (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ሞተር ይውረድ። ቤንዚኑ ውሃ አለበት። አንዱ ደግሞ ደጋ ስለሆነ ሙቅ ካንዴላ ያስፈልጋታል ብሎ ትልቅ ቁጥር ያለው ኤንጂኬ የሚባል ካንዴላ እንድገዛ መከረኝ። (የኤንጂኬ ካንዴላ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዝቃዛ ነው የሚሆነው። ምክሩ በራሱ መንገድ እንኳ ተገልብጧል።) ከሁሉም የጠቀመኝ ከአለም ከተማ የመጣ አጭር መልስ ነበር፦ «ስትጠፋ የቤንዚን ክዳኑን ክፈት። ፉት ብሎ አየር ከሳበና ከዚያ ከተነሳች የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል።» ከፈትኩት። አልሳበም። ቢያንስ አንድ ነገር ከዝርዝሩ ወጣ። ሌሎቹ ሁሉ ግዛ ሲሉኝ እሱ ብቻ እንድሞክር ነገረኝ።

እኔ ግን ቦቢና ገዛሁ። ዋጋውን አልጽፍም፤ ባለቤቴ ይህን ታነባለች። ገጠምኩት። ምንም ለውጥ የለም። የድሮውን መለስኩት።

ከዚያ በኋላ ነው መጽሐፏን ልፈልግ ያልኩት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። ከሞተር ጋር የሚመጣው ትንሹ መጽሐፍ የነጂው ነው፤ ዘይት ስንት፣ የጎማ አየር ስንት ይላል። የጥገናው መጽሐፍ ሌላ ነው። እሱ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ብሎን ፈትቶ ያሳያል። ሦስተኛው የመለዋወጫ ካታሎግ ነው። ጽሑፍ የለውም ማለት ይቻላል፤ ዕቃው ሁሉ ተበትኖ የተሳለበት ሥዕልና ቁጥር ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ለከበደው ካታሎጉ ከሁለቱ ይሻላል እላለሁ። የትኛው ቀለበት ከየትኛው ሞላ በፊት እንደሚገባ ሥዕሉ ይነግርሃል።

ግን የሦስቱንም ትክክለኛ ቅጂ ለማግኘት የሻንሲ ቁጥር ያስፈልጋል። ለካ ይህን ያህል ዓመት ስነዳት ቁጥሯን አላውቀውም! ቁጥሩ አንገቷ ላይ ነው፤ መሪው የሚዞርበት ወፍራም ቧንቧ ላይ በቀኝ በኩል ተመትቷል። እኔ ያየሁት የመንዝን ጭቃ ነው። በቤንዚን የነከርኩትን የጥርስ ብሩሽ ይዤ ተንበረከክሁ። ጭቃው ሲለቅ ሥሩ ያለው ቅባት ወጣ። ቅባቱ ሲለቅ ቀለሙ ታየ፤ ቁጥሩ ግን አይነበብም። ልጄ ከትምህርት ቤት ቦርሳዋ ጠመኔ አመጣች። ላዩ ላይ አሻሸሁበትና በጨርቅ ጠረግኩት። ጠመኔው ጉድጓዱ ውስጥ ብቻ ቀረ። ፊደሎቹ ነጭ ሆነው አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ልጄ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፣ እኔ ጻፍኩ።

ከዚያ ወዲህ ፍለጋው ቀለለ። አንድ ነገር ልጨምር፦ የኤጂ 200 ሞተር ከሌላዋ ያማሃ፣ ከቲደብሊው 200 ሞተር ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ቲደብሊው በዓለም ላይ ብዙ ነጂ ስላላት ስለ እሷ የተጻፈው ብዙ ነው። የራስህን ካጣህ የዘመዷን ታነባለህ። ልኩን ግን ከራሷ መጽሐፍ ሳታመሳክር እንዳለ አትውሰድ። የያማሃን የዕቃ ቁጥር አነባበብም ያኔ ነው የገባኝ። መሐል ያሉት አምስት አሃዞች የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ። 14301 ካርብሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ነው። 14451 የአየር ፊልትሮ ነው። ፊት ያሉት ፊደልና አሃዞች ዕቃው መጀመሪያ ለየትኛው ሞዴል እንደተሠራ ያሳያሉ። ሱቅ ውስጥ ሻጩ «ያው ነው፣ ይገባል» ሲልህ ካርቶኑን ገልብጠህ ማየት ትችላለህ።

ይህን ሁሉ አወቅሁ፤ ሞተሯ አሁንም ትታፈናለች። ከመቶ ገጽ በላይ የጥገና መጽሐፍ ስልኬ ውስጥ ይዤ የትኛውን ገጽ እንደምገልጥ አላውቅም።

በመጨረሻ ጠባሴ ወዳሉ ሽማግሌ መካኒክ ገፍቼ ወሰድኳት። እሳቸው «ዶክተር» ነው የሚሉኝ። ዶክተር አለመሆኔን ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። ካንዴላዬን በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ይዤ ነበር። ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ጠረጉት። ደረቅ ጥላሸት ነው።

«ጭሱስ? ጥቁር ነው ሰማያዊ?»

«ጥቁር።»

«እንግዲያው ፋሻውን ተወው። ዘይት ብትበላ ኖሮ ካንዴላው እርጥብ ነበር፣ ጭሱም ሰማያዊ። ይቺ ቤንዚን በዝቶባት ነው፤ ወይም አየር አንሷት።» ጥላሸቱን ቱታቸው ላይ ጠረጉ። «መጨረሻ ላይ የተነካው ምንድን ነው?»

«ቦቢና ቀይሬ ነበር።»

«ከሕመሙ በፊት ነው የምልህ።»

«ምንም አልተነካም ጋሼ።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴን ሰማሁት። ይህን ዓረፍተ ነገር አውቀዋለሁ፤ በሳምንት አሥር ጊዜ እሰማዋለሁ። ላሟ ቆማ መሄድ አቅቷት ሰውየው «ምንም አላደረግናትም» ይለኛል። እጄን ጎኗ ላይ ሳሳልፍ የጋለ ብረት ያረፈበት ጠባሳ አገኛለሁ፣ ገና ያልደረቀ። በውስጤ ስንቴ ተናድጃለሁ። አሁን ባለ ላሟ እኔ ነኝ።

«ፊልትሮውን አጥቤያለሁ» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«በምን?»

«በሳሙና።»

«ደግ። ዘይትስ?»

«አድርጌበታለሁ።»

«ምን ያህል?»

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ሞተሯን ዘይት ስቀይር ጣሳው ውስጥ የተረፈ ነበር፤ እንዳይባክን ብዬ የፊልትሮውን ስፖንጅ በሙሉ አጠጣሁት።

ሽማግሌው የጎን ክዳኑን ከፈቱ። በሁለት ጣት ስፖንጁን ጎትተው አወጡና መዳፋቸው ውስጥ ጨመቁት። ዘይቱ እስከ ክንዳቸው ወረደ። የጠጅ ማጥለያ ጨርቅ ስትጨምቅ እንደሚወርደው ነው የወረደው። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሳቁ። ከዚያ ያለ ስፖንጁ ለአፍታ አስነሷትና ቤንዚን ሰጧት። ድምፅዋ ጥርት ብሎ ወጣ። «አቧራ ላይ እንዲህ እንዳትነዳት ታዲያ» ብለው አጠፏት።

ማታ ስልኬን ከፍቼ የአየር ፊልትሮውን ገጽ ፈለግሁ። አለ። ስፖንጁ እርጥብ ይሁን እንጂ አይንጠብጠብ ይላል። ትርፉን ዘይት ጨምቀህ አውጣ፣ ግን እንደ ልብስ አትጠምዝዘው፣ ይቀደዳል ይላል። እጅ ስፖንጅ ሲጨምቅ የሚያሳይ ሥዕል ሳይቀር አለው። የነጂው ትንሹ መጽሐፍም ውስጥ ይኸው አለ፤ እሱ ደግሞ ሞተሯን ከተረከብኩ ጀምሮ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።

ሮቢት ላይ ለምን ደህና ሆነች? ይህን ለመረዳት ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሮቢት ላይ የሚያንሰው በ14 በመቶ ገደማ ነው። ካርብሬተር ዳገት መውጣትህን አያውቅም። አየሩ ሲሳሳ የቤንዚኑን መጠን በዚያው ልክ አይቀንስልህም። (አዳዲሶቹ ባለ ኢንጀክሽን ሞተሮች ግፊቱን ለክተው ራሳቸው ያስተካክላሉ።) ስለዚህ ደጋ ላይ ሁልጊዜም ቤንዚን በትንሹ ይበዛባታል። ያን ችላ ትኖር ነበር። እኔ አፍንጫዋን በዘይት ስደፍነው ግን ቆላ ላይ የቻለችውን ጣርማ በር ላይ አልቻለችውም። ለዚህ ነው «ዳገት ላይ ትታፈናለች» ማለቴ ሁሉንም ያሳሳተው። ዳገት ሳይሆን ከፍታ ነበር ማለት የነበረብኝ። ሮቢት ዙሪያም ዳገት አለ፤ እዚያ አንድም ቀን አልታፈነችም። መጠየቄን እንጂ አጠያየቄን አላየሁትም።

ማንም ይህን አልጠየቀኝም ብዬ እንዳልወቅስ፣ እኔ ራሴ የታመመ በግ ሲመጣልኝ ከየት ቀበሌ እንደመጣ፣ መቼ እንደጀመረው፣ ምን እንደበላ ሳልጽፍ መርፌ አላነሳም። ቅጽ ሁሉ አለን። አሁን የክትባት መዝገቤ የኋላ ሽፋን ላይ ለሞተሯ አንድ ቅጽ አበጅቻለሁ። ከላይ የአንገቷ ቁጥር አለ። ሥሩ መቼ፣ የት፣ በቀዝቃዛዋ ነው ወይስ ስትሞቅ፣ የካንዴላው መልክ። የመጨረሻው መስመር «ምን ነካህ?» ነው። ለቃሉ ሁለት ትርጉም ሆን ብዬ አይደለም የሰጠሁት። ባለቤቴ አንብባ ስትስቅ ነው የታየኝ።

ሽማግሌው የተቀበሉኝ የሻይ ብቻ ነው። ዛሬ መሐል ሜዳ ደርሼ ተመለስኩ፤ ጣርማ በርን በሦስተኛ ማርሽ አለፍኳት።

ቦቢናው ግን መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ለአንድ ቀን ብቻ የተገጠመ። የሚፈልግ ካለ በግማሽ ዋጋ እሰጣለሁ። መጀመሪያ የአንገቷን ቁጥር ይላክልኝ።