የወንበሩ ከፍታ

ዛሬ የሾፌሩን ወንበር መልሼ ገጠምኩ። ሥራው በወረቀት ላይ ቢጻፍ አንድ መስመር አይሞላም፤ አራት ቡሎን መፍታት፣ ወንበሩን ማንሳት፣ መመለስ፣ ማጥበቅ። በአሮጌ የስፖርት መኪና ላይ ግን እያንዳንዱ ቡሎን የራሱ ዐመል አለው።

መኪናዋ ኤም ጂ ቢ ናት፤ ጣሪያዋ የሚገለጠው ዓይነት፣ የ1971 ሥሪት። ይህ ሞዴል ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዝ አገር፣ በአቢንግደን ከተማ ሲሠራ ኖሮ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ስለዚህ ብርቅ አይደለችም፤ እኔም እንደ ሙዚየም ዕቃ ሸፍኜ ላስቀምጣት አልገዛኋትም። ወንበሩንም ያወጣሁት ረጅም መንገድ በነዳሁ ቁጥር ወገቤ አላስቆም አላስቀምጥ ስላለኝ ነው።

ወንበሩን ወደ ፊት ሲገፉት የኋላዎቹ ሁለት ቡሎኖች ይታያሉ፤ ወደ ኋላ ሲስቡት የፊተኞቹ። ቡሎኖቹ የሚጠብቁባቸው ዳዶዎች ከወለሉ ጋር የተያያዙ ስለሆኑ ከታች ሆኖ በቺያቬ የሚይዝ ረዳት አያስፈልግም። ችግሩ ጫፉ በወለሉ በታች በኩል የወጣ ቡሎን ዕድሜውን ሙሉ የመንገድ ውሃና ጭቃ ሲመታው መኖሩ ነው። እንዲህ ያለው ቡሎን በጉልበት ከተፈታ ዝገቱን ይዞ በዳዶው ጥርስ ውስጥ ያልፋል፤ ጥርሱንም ይበላዋል። ከባሰ ደግሞ ዳዶው ከማቀፊያው ተላቆ ከቡሎኑ ጋር አብሮ ይዞራል፤ ያን ጊዜ የቡሎኑን ራስ ከመቁረጥ በቀር መላ የለውም። ስለዚህ ከመኪናዋ ሥር ተኝቼ ጫፎቹን በሽቦ ብሩሽ ፈተግሁ፤ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይትም ረጭቼ አሳደርኳቸው። ዘይት የሚሠራው በራሱ ጊዜ ነው፤ ቆሞ ማፍጠጥ አያፋጥነውም።

ሦስቱ በሰላም ወጡ። አራተኛው ገና ቺያቬ ሳሳርፍበት አጠራጠረኝ። የዚህች መኪና ቡሎኖች በኢንች የተለኩ ናቸው። የወንበሩ ቡሎን ውፍረት አምስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች ነው፤ 7.94 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ራሱ ደግሞ ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ ቡሎንና 13 ቁጥር ቺያቬ ለዓይን ልክ ይመስላሉ፤ ክፋታቸውም እዚህ ላይ ነው። ቺያቬው የቡሎኑን ማዕዘን ያሟልጠዋል፤ ቡሎኑ ደግሞ ጥቂት ዙር እሺ ብሎ ከገባ በኋላ ይጠብቅና በዳዶው ውስጥ የራሱን ጥርስ መቅረጽ ይጀምራል። ከእኔ በፊት መኪናዋን የያዘ ሰው ያደረገው ይህንኑ ነበር። ቡሎኑን እየመለስኩ እየገፋሁ፣ በየመሐሉ ዘይት እየጨመርኩ አወጣሁት፤ የዳዶውንም ጥርስ በትክክለኛው መለኪያ ጥርስ ማውጫ አጸዳሁት። ሰውየውን ግን ስሙን ሳላውቀው ብዙ ተናግሬዋለሁ።

ወንበሩ ከሚንሸራተትበት ሐዲድ ሥር ቀጫጭን የእንጨት ጣውላዎች አሉ። አዎ፣ እንጨት፤ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ። እንጨቱ ውሃ ያቁርና የተኛበትን ብረት ቀስ እያለ ያዝገዋል። ኤም ጂ ቢ ከሥሯ ለብቻው የቆመ ሻንሲ፣ ማለትም የብረት አጽም፣ የላትም፤ ወለሉና ከበሮቹ በታች ያሉት ሳጥን መሰል ብረቶች ናቸው አካሏን የሚሸከሙት። በተለይ ጣሪያ በሌላት ላይ እነዚህ ከበሰበሱ ወገቧ ይጎብጣል። ምንጣፉን ስገልጥ ልቤ ይመታ ነበር። በካቻቢቴ ጫፍ ጠቅ ጠቅ አደረግሁት፤ ደረቅና ጽኑ ድምፅ ሰጠኝ። ዝገቱ ላይ ላዩን ነው። ፋቅኩት፣ ጸረ ዝገት ቀለም ቀባሁት፤ በአሮጌዎቹ ጣውላዎች ምትክም ቫርኒሽ የጠጡ አዲስ ጣውላዎች አዘጋጀሁ።

ዋናው ነገር የወጣው ወንበሩን ገልብጬ ሳየው ነው። ስፖንጁ የሚያርፈው በብረት መንጠቆዎች ዙሪያውን ከወንበሩ አጥንት ጋር በተወጠረ የጎማ ምንጣፍ ላይ ነው። ጎማው ደርቆ፣ ከኋላ በኩል እስከ መሐሉ ተቀዶ፣ መንጠቆዎቹ ባዶ አየር ይዘው ተንጠልጥለዋል። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ የተቀመጥኩት ጉድጓድ ውስጥ ነው! እኔ ደግሞ ያንን ዝቅታ የመኪናዋ ጠባይ አድርጌ እወደው ነበር። እግር ዘርግቶ፣ ከመንገዱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆኖ መንዳት፤ ለሰውም “የስፖርት መኪና ማለት እንዲህ ነው” እያልኩ አወራለሁ።

አዲሱን ጎማ መወጠር ክንድ ይጠይቃል፤ የመጨረሻዎቹ መንጠቆዎች በጣት የሚገቡ አይደሉም። የቪኒሉን ልብስ ፀሐይ ላይ አሙቄ ስለጎተትኩት ያለ ብዙ ትግል ተለጠጠ። ሲገጠም ደንቡ አንድ ነው፤ አራቱም ቡሎኖች በእጅ ብቻ ጥቂት ዙር እስኪገቡ ድረስ አንዱም አይጠብቅም። ከዚያ ወንበሩን ወዲያና ወዲህ አንሸራትቶ ሁለቱ ሐዲዶች እኩል መሄዳቸውን ማየት፣ ቀጥሎ በየተራ ማጥበቅ ነው። ከወንበር ሥር የኤርባግ ሽቦ ያላቸው የዛሬ መኪናዎች ከዚህ በፊት ባትሪ መንቀል ይጠይቃሉ። በእኔዋ ወንበር ሥር አንድም ሽቦ የለም፤ ቀበቶዋም የታሰረው ከራሷ አካል ጋር ነው።

ተቀመጥኩበት። ሌላ መኪና ነው! የፊት መስታወቱ የላይኛው ጠርዝ ዓይኔ ፊት መጥቶ ተደቀነ፤ መሪው ጭኔን ይነካል። የኋላ ማሳያው መስታወት በፊት መስታወቱ መሐል በቆመ ቀጭን ዘንግ ላይ ነው የሚንሸራተተው፤ ብሎኑን አላልቼ ወደ ላይ ገፋሁት። ዘንጉ ላይ አሮጌው ቦታ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ትቶ ቀርቷል።

መጀመሪያ ላይ ቅር አለኝ። የለመድኩትን ለማግኘት ጣውላዎቹን ማውጣት ይቻላል፤ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ስፖንጁንም መከርከም ይቻላል። ግን አሁን የተቀመጥኩበት ከፍታ መኪናዋ ስትሠራ ከነበራት ከፍታ ብዙ እንደማይርቅ እገምታለሁ፤ አብሬ የቀየርኩት ስፖንጅም ሲቀመጡበት ይሰክናል። የእኔ ናፍቆት ለተቀደደ ጎማ ነው። ጣውላዎቹ ባሉበት ይቆያሉ።

ማታ ባለቤቴን ይዤ ወጣሁ። የእርሷ ወንበር ገና አልተነካም፤ ከእኔ በግልጽ ዝቅ ብላ ተቀምጣለች። ጥቂት እንደሄድን ቀና ብላ አየችኝና “ከዛሬ ጀምሮ እንደ ዳኛ ከላይ ሆነህ ልታናግረኝ ነው?” አለችኝ። ወገቤ ግን ምንም አላለኝም። ስንመለስ ከእርሷ ወንበር ሥር ተኝቼ ቡሎኖቹን አየሁ፤ አራቱም የኢንች ናቸው። ዘይት ረጭቻቸዋለሁ።