እቤት ውስጥ መርፌ አልወጋም

ሰሞኑን ጎረቤቴ ተቀይማኛለች፣ ምክንያቱ ደግሞ አንድ መርፌ ነው።

ደሴ ሰፈራችን ውስጥ ነርስ መሆኔን የማያውቅ የለም። እሁድ ማታ ቡና ተቀምጠን ጎረቤታችን በፌስታል የጠቀለለችውን አወጣች። ልጇ የልብ ህመም አለባት፣ ያው የልጅነት ጉሮሮ ህመም ሳይታከም ቀርቶ የሚያመጣው፣ እና በየ28 ቀኑ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ትወጋለች። «ሰኞ ጧት ፈተና አላት፣ ጤና ጣቢያው ደሞ ወረፋው ግማሽ ቀን ይበላል፣ አንች እያለሽልኝ ምን አንከራተተኝ፣ ዱቄቱንም ውሃውንም ገዝቻለሁ፣ ቶናው ሳይቀዳ ውጊልኝ» አለችኝ።

«እትየ አልችልም፣ ከፈተናው በኋላ እኔው ይዣት እሄዳለሁ» አልኳት። ወላሂ ፊቷ እንደዛ ሲጠቁር አይቼ አላውቅም። «ለኛ ሲሆን ነው እንዴ ሕግ የሚመጣው» ብላ ፌስታሏን ቋጠረች።

እንግዲህ እዚህ ላስረዳ፣ ልጇ ታነብላት ይሆናል። ቤንዛቲን ውሃ ሲገባበት እንደ ወተት የሚነጣ፣ ቶሎ ካልተወጋ ሲሪንጁ ውስጥ እየረጋ መርፌውን የሚደፍን መድኃኒት ነው። እሱስ ችግር የለውም፣ እጄ ለምዶታል። የሚያስፈራኝ ሪአክሽኑ ነው። ብዙ ጊዜ አይመጣም፣ ከመጣ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ነው፣ ሰውነት ያሳክካል፣ ጉሮሮ ያብጣል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ አስር ጊዜ በሰላም የተወጋ ሰው አስራ አንደኛው ላይ ሊነሳበት ይችላል። ያኔ አድሬናሊን ጭን ላይ ቶሎ መወጋት አለበት፣ ኦክስጅን ቢኖርም ጥሩ ነው። እቤት ያለን ዕጣንና ፈንዲሻ ነው።

ሕጉ ላይ ደግሞ ሰው የሚሳሳተው ላይሰንስ አንድ ይመስለዋል። ሁለት ነው፣ የባለሙያው አለ የተቋሙ አለ። የኔ ታድሷል (በዓመት 30 የሲፒዲ፣ ማለትም የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ሥልጠና፣ ነጥብ እየለቀምኩ፣ ከዱቲ ወጥቼ እንቅልፌን እየታገልኩ)፣ የእኛ ሳሎን ግን ፈቃድ የለውም። ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 አለ፣ በቸልተኝነት ሰው መግደል የሚለው፣ የሌላውን ሕይወትና ጤና የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ከነመቀጮው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2031 ደግሞ የሙያ ጥፋትን ይዞ ካሳ ያስከፍላል። «እናቷ ናት የለመነችኝ» ብል ዳኛው ምን ያደርግልኛል?

ይሄ ፍርሃት ከሰማይ አልወረደብኝም። አዲስ ተቀጥሬ ገጠር ስሰራ ሌሊት በስልክ ኦርደር (የመርፌ ትዕዛዝ) ተሰጠኝ፣ ወጋሁ፣ ሰው ስለበዛ ቻርቱ ላይ የወጋሁበትን ሰዓት ብቻ ጻፍኩ፣ ማን እንዳዘዘ አልጻፍኩም። ጧት በሽተኛው ሲብስበት ያዘዘው ሰው «እኔ እንደዛ አላልኩም» አለ። ፊርማው የኔ፣ ቃሉ የማንም። በሽተኛው አልሃምዱሊላህ ዳነ እንጂ እዛች ወረቀት ላይ እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ከዛ ወዲህ የቃል ትዕዛዝ ሲሰጠኝ መልሼ አነብለታለሁ፣ ስሙን እጽፋለሁ፣ ሲመጣ አስፈርመዋለሁ፣ «ምን ትጨቀጭቂያለሽ» ቢሉኝም ግድ የለኝም።

ሌላው ደሞ ቡና ላይ «የእገሌ ሚስት ለምን ተኝታ ታከመች» የምትሉኝ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ይላል፣ አታስቸግሩኝ።

ሰኞ ከፈተናው መልስ ልጅቷን በባጃጅ ወሰድኳት። ካርዷ ላይ ኦርደሩ አለ፣ ተወጋች፣ አግዳሚው ላይ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብለን ስለ ሒሳብ ፈተናው አወራችኝ፣ ሦስት ጥያቄ ስታለች። እናቷ እስካሁን ቡና አልጠራችኝም፣ ቁሌቱ ግን በአጥሩ ይገባል።