ሞልዱ ለመጨረሻ ጊዜ ከመስተካከሉ በፊት፦ የክላስ 08 ሎኮሞቲቭ ሞዴላችን እስካሁን የደረሰበት

ወዳጆች፣ የሞዴላችን የመጀመሪያዎቹ የፕላስቲክ ናሙናዎች ደርሰዋል። ቀለም አልተቀቡም፣ ቁጥርም የላቸውም፤ ግን ኮፈኖው፣ የሾፌሩ ክፍልና ከመንኮራኩሮቹ ውጭ የቆመው ሻንሲ ሲገጣጠሙ ሎኮሞቲቩን የሚያውቅ ሰው ገና ከሩቅ ይለየዋል። ሥራው ከምን እንደደረሰ ለጠየቃችሁኝ አንድ ላይ ልመልስ። ከሳጥኑ ወጥቶ ወዲያው ሐዲድ ላይ የሚሄድ ሎኮሞቲቭ ለማምረት የምታስቡም ካላችሁ፣ እኔና ጓደኞቼ የተማርነው ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

ክላስ 08 በብሪታንያ የባቡር ግቢዎች ውስጥ ፉርጎ እየገፋና እየጎተተ የሚያሰልፍ ባለ ስድስት መንኮራኩር ናፍጣ ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1962 ድረስ 996 ተሠርተዋል። የመረጥነው ውብ ስለሆነ ብቻ አይደለም (ለእኔ በጣም ውብ ነው)፤ ከ1950ዎቹ ወዲህ ያለ የትኛውንም ዘመን የሚያሳይ የብሪታንያ ሞዴል መስመር ላይ ቦታ ስለማያጣ ነው። ሥራውን የሚያከብደውም ይኸው ረጅም ዕድሜ ነው። መጀመሪያ የእንጨት በር የነበራቸው በኋላ የብረት በር ተገጠመላቸው። በቫኩም ፍሬን የጀመሩት አንዳንዶቹ ቫኩምም አየርም፣ ሁለቱንም ዓይነት ፍሬን ያዙ፣ ሌሎቹ በአየር ፍሬን ብቻ ቀሩ። ለአንዳንዶቹ ጠንካራ የፊት መብራት ተጨመረላቸው። ቁጥራቸውም ከ13000 ተነሥቶ ወደ ዲ3000፣ ከዚያም በ08 ወደሚጀምረው ተቀየረ። ጥቁር፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆነውም ታይተዋል።

ስለዚህ ሥራችን የተጀመረው ከኮምፒውተር ንድፍ ሳይሆን ከሠንጠረዥ ነው። በአንድ በኩል የሎኮሞቲቩ ቁጥርና ዓመት፣ በሌላ በኩል በሩ፣ ፍሬኑ፣ መብራቱ፣ በጫፎቹ ላይ ያለው ቢጫና ጥቁር የማስጠንቀቂያ መስመር። ቀኑ ያልታወቀ ፎቶግራፍ ምንም ያህል ጥርት ያለ ቢሆን ሠንጠረዡ ውስጥ አናስገባውም። አንዱ ሎኮሞቲቭ ጥገና ቤት ገብቶ ሲወጣ ሌላ መልክ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ ቁጥሩን ማወቅ ብቻውን አያስተማምንም። ይህ ሠንጠረዥ አሰልቺ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል፤ ለእኔ ግን የጠቅላላው ሥራ ልብ ነው። የትኛው ክፍል በዋናው ሞልድ (የቀለጠው ፕላስቲክ ገብቶ ቅርጽ በሚይዝበት ብረት) ላይ በቋሚነት እንደሚቀረጽ፣ የትኛው በተነቃይ የሞልድ ቁራጭ እንደሚቀያየር፣ የትኛው ደግሞ ለብቻው ተሠርቶ እንደሚለጠፍ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው። በሩ ከካቢኑ ግድግዳ ጋር አንድ ሆኖ ከተቀረጸ የእንጨት በር ያለው ሞዴል ሌላ ግድግዳ ይጠይቃል። ተነቃይ ከሆነ ግን ዛሬ ያላሰባችሁት ዓይነት ከሁለት ዓመት በኋላ በቀላል ወጪ ይወጣል።

እዚህ ላይ የተማርነው አንድ ነገር አለ፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመን እርሱ ነው። ሞልድ ብረት ነው፤ ከብረት መቀነስ ቀላል ነው፣ በብረት ላይ መጨመር ግን ከባድ ነው። ሞልዱ ሲቆረጥ ፕላስቲኩ ይወፍራል። ስለዚህ መጠኑን የምንጠራጠረውን ክፍል ሁሉ በሚያስተርፍ ወገን፣ ማለትም ቀጭን አድርገን እንነድፈዋለን። የእጅ መያዣው መግቢያ ወይም የመስኮቱ ጠርዝ በናሙናው ላይ ቀጥኖ ከታየ ትንሽ ብረት ይነሣና ይስተካከላል። ወፍሮ ቢመጣ ግን ወይ ብየዳ ወይ አዲስ ቁራጭ ማሠራት ነው። መቀነስ ብቻ እንደሚቀረን እያወቅን መንደፍ አእምሮን ያሳርፋል።

አሁን ወደ ልኩ ልግባ። የብሪታንያ ሞዴሎች የተለመደ ልክ የሆነው የኦኦ ስኬል አንዱን ጫማ በ4 ሚሊ ሜትር ይተካል፤ 29 ጫማ ከ3 ኢንች የሆነው ርዝመት 117 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ በግማሽ በመቶ ገደማ ስለሚኮማተር፣ በዚህ ርዝመት ላይ 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠፋል፤ ሞልዱ ይህን አስቦ ካልተቆረጠ ኮፈኖው ከሻንሲው ጋር አይገናኝም። የመንኮራኩሩ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እውነተኛው ሐዲድ 1435 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው በዚህ ስኬል 18.83 ሚሊ ሜትር መሆን ነበረበት፤ የኦኦ ሐዲድ ግን 16.5 ነው። የ08 ሻንሲ ከመንኮራኩሮቹ ውጭ ስለሚቆም፣ ሻንሲውን በትክክለኛ ስፋቱ ስናስቀምጠው መንኮራኩሮቹ በየጎኑ ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ይሸሻሉ። ከላይ ሲታይ አያስታውቅም፤ ከሥር ሲታይ ግን ክፍተት አለ።

ክፍተቱን መጀመሪያ ላይ ብዙዎቻችን አልወደድነውም። እኔ አሁን ወድጄዋለሁ። በፊተኛውና በኋለኛው አክስል መካከል ያለው ርቀት 46 ሚሊ ሜትር ነው። ሬዲየሱ 371 ሚሊ ሜትር በሆነው ጠባብ ኩርባ ላይ መካከለኛው አክስል ወደ ጎን 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል መንሸራተት ይኖርበታል፤ ሻንሲው መንኮራኩሩን ሳይነካው የሚንሸራተትበትን ቦታ የሰጠን ያ ክፍተት ነው። ያም ሆኖ ከውጭ ያሉት ክራንኮች (በየአክስሉ ጫፍ ያሉት ክንዶች) እና መንኮራኩሮቹን የሚያያይዙት አገናኝ ዘንጎች አብረው ስለሚንቀሳቀሱ፣ ዘንጉ የሚያያዝበት የመካከለኛው ክራንክ ፒን ረዘም ማለት ነበረበት።

ፍጥነቱን ደግሞ ከሁሉ በፊት አስሉት እላለሁ። እውነተኛው 08 በአብዛኛው በሰዓት ከ15 ማይል አይበልጥም፤ ይህ በእኛ ስኬል በሴኮንድ 88 ሚሊ ሜትር ነው። 18 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው መንኮራኩር በአንድ ዙር 56.5 ሚሊ ሜትር ስለሚሄድ፣ በደቂቃ 93 ጊዜ ያህል ቢዞር በቂ ነው። ሞተሩ በ12 ቮልት በደቂቃ 10,000 ጊዜ ቢዞርና የጥርሶቹ ቅናሽ 40 ለ1 ቢሆን (ሞተሩ 40 ጊዜ ሲዞር መንኮራኩሩ አንድ ጊዜ ቢዞር) ሎኮሞቲቩ በሰዓት እንደ 40 ማይል ይበራል ማለት ነው! ፉርጎ ለሚያሰልፍ ሎኮሞቲቭ ይህ ነውር ነው። ስለዚህ ቅናሹን በሁለት ደረጃ ከፍለን ወደ 100 ለ1 አቀረብነው። አሁን ናሙናው ሲሄድ የአገናኝ ዘንጎቹን እያንዳንዱን ምት በዓይን መከተል ይቻላል፤ ሰው ይህን ሞዴል የሚገዛው ለዚህ ይመስለኛል።

ናሙናው ላይ የታዩት ጉድለቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በኮፈኖው ጎን፣ ከበስተጀርባ ደጋፊ ባለበት ቦታ ላይ የታየው ስርጉድ ያለ ምልክት ነው። ብርሃን በጎን ሲመታው ነው የሚታየው፤ ቀለም ሲቀባ ደግሞ ይብሳል። ወፍራም ቦታ ዘግይቶ ስለሚቀዘቅዝ ፊቱን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ፋብሪካው ፕላስቲኩ በሞልዱ ውስጥ ተጨቁኖ የሚቆይበትን ግፊትና ጊዜ ጨምሮ በድጋሚ አወጣው፤ አዲሱ ፊት ለጥ ያለ ነው። ሁለተኛው ሻንሲው ነው። ሞተሩን ሳንገጥም ዘንበል ባለ ሐዲድ ላይ ለቀቅነው፤ በራሱ መንሸራተት ሲገባው በየዙሩ እዚያው ቦታ ላይ ያዝ ያደርገዋል። የአንዱ ጎን ክራንክ ከሌላው ጎን በ90 ዲግሪ መለየት አለበት፤ ከሦስቱ አክስሎች የአንዱ ትንሽ ዘወር ካለ ዘንጎቹ ይታገላሉ። ዘንጎቹን በተራ እየፈታን ስንሞክር ጥፋቱ የኋለኛው አክስል ሆኖ ተገኘ። አሁን ሦስቱም አክስሎች ማዕዘናቸውን በሚጠብቅ አንድ መያዣ ላይ ነው የሚገጠሙት።

ክብደቱን የሚሰጠው ሻንሲ ከቀለጠ የዚንክ ቅይጥ ይቀረጻል። እርሳስ በትንሹም ቢሆን ከተቀላቀለበት ከዓመታት በኋላ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፤ ሞዴሉም ሣጥኑ ውስጥ እንዳለ ይሞታል። የቅይጡን የምርመራ ውጤት ሳታዩ ትእዛዝ አትስጡ።

በሐዲዱ የሚመጣውን ዲጂታል ትእዛዝ ተቀብሎ ሞተሩን የሚያዝዘው ትንሽ ሰርኪት፣ የዲኮደሩ ቦታ ብዙ አላከራከረንም። ኮፈኖው ጠባብ ስለሆነ ኔክስት18 የተባለውን ትንሹን መሰኪያ መረጥን፤ ድምፅ ማጉያና ሐዲዱ ላይ ቆሻሻ ሲያጋጥም ኃይል የሚያቀብል ካፓሲተርም አብረው ገብተዋል።

የቀረው ቀለሙ ነው፤ የምፈራውም እርሱን ነው። በሁለቱም ጫፍ ላይ ያለው የቢጫና ጥቁር ሰያፍ መስመር ማዕዘን ዞሮ ስለሚቀጥል፣ በፊት በኩል የታተመው ከጎን ከታተመው ጋር ካልገጠመ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። በጥቁር ላይ የታተመ ቢጫ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቢጫው ተቀብቶ ጥቁሩ በሲሊኮን ማኅተም ከላይ ይታተማል። ቀለም የተቀቡት ናሙናዎች ሲመጡ የማዕዘኑን ፎቶግራፍ አቀርባለሁ። እስከዚያው በሠንጠረዣችን ላይ ሁለቱንም ዓይነት ፍሬን የያዙትና ሰማያዊ የተቀቡት ረድፎች ገና ሳስተዋል፤ ቀኑ የታወቀና ቁጥሩ የሚነበብ የ1970ዎቹ ፎቶግራፍ፣ በተለይ በካቢኑ ሥር ያለውን ዕቃ የሚያሳይ ያላችሁ ብታካፍሉን ወደ ሞልዱ የመጨረሻ ማስተካከያ ከመግባታችን በፊት እንጠቀምበታለን።