ፌርፋክስ ለምትገቡ ልጆች

ቨርጂኒያ ውስጥ ፌርፋክስ ያለው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ለዋሽንግተን ቅርብ ነው ይባላል። መኪና ለሌለው ግን ሩቅ ነው። እኔ ከአሌክሳንድሪያ ነበር የምመላለሰው፤ በሜትሮ ባቡሩ ብሉ መስመር እስከ ሮስሊን፣ እዚያ ቀይሬ በኦሬንጅ እስከ ቪየና፣ ከቪየና ደግሞ ግቢው ድረስ የሚያደርስ የዩኒቨርሲቲው ነፃ አውቶቡስ አለ። ሰዓቱን ስልካችሁ ላይ ያዙት።

ክፍል በሌለ ሰዓት ጆንሰን ሴንተር ነው የምንውለው። ምግቡም፣ ማጥኛውም፣ ጓደኛ መጠበቂያውም እዚያው ነው።

ጽሑፋችሁን እንድታሻሽሉ የሚረዳችሁን የጽሑፍ ማዕከል ግን እንዳታልፉት፣ ነፃ ነው። መጀመሪያ የረዳችኝ ልጅ ስህተቴን በቀይ አላሰመረችም። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው» አለችኝ። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ራሴ ቆምኩ፤ ግስ የለውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳላነብ ያስረከብኩት ጽሑፍ የለም።

ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ የፈለግኩት ስለ ፔትሪየት ፓንትሪ ነው። ምግብ ያጠረው ተማሪ በነፃ አስቤዛ የሚወስድበት ቦታ ነው። ለእኛ ልጆች ይሄ ይከብደናል፣ አውቃለሁ። አባት ሌሊቱን ፓርኪንግ ሲሠራ አድሮ፣ እናት ደርበው ሁለት ሥራ እየሠሩ፣ እነሱን ገንዘብ መጠየቅ ያሳፍራል፣ ሌላ ሰው ደጅ መቆምም ያሳፍራል፣ እና ፈተና ሰሞን ቀኑን ሙሉ በሻይ የሚውል ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ። እባካችሁ እንደዛ አትሁኑ። ብቻችሁን መግባት ከከበዳችሁ ጻፉልኝ፣ አብሬያችሁ እገባለሁ።