47 በመቶ

አምስት ዓመት የማታ ተማሪ ነበርኩ። አካውንቲንግ እና ፋይናንስ። ቀን መርካቶ አንድ የኤሌክትሪክ እቃ ሱቅ ውስጥ ካሸር ነኝ፤ ሽቦ፣ ሶኬት፣ ማብሪያ ማጥፊያ። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ክፍል እገባለሁ። እገባለሁ ስል፣ መግባት ነበረብኝ ለማለት ነው። የታክሲው ሰልፍ ከቀለለ፣ ጋሼም «ሂሳቡን ዘግተሽ ሂጂ» ካላሉ። ብዙ ጊዜ በሩን ገፋ አድርጌ ስገባ መምህሩ ሰሌዳውን አንዴ ሞልቶ አጥፍቶታል።

ነሐሴ 2017 ተመረቅኩ። ከዚያ ወዲህ የሰፈር ልጆች መንገድ ላይ እያስቆሙ «ፋይናንስ ያበላል?» ይሉኛል። በአፌ የምመልስላቸው አጭር ነው። ይሄ ረጅሙ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ፋይናንስ የሚባል ነገር የለበትም። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብ። ቀኑን ሙሉ ብር ስትቆጥር የዋለች ሴት ማታ 1 ሰዓት ላይ «ሰው ሁሉ ሟች ነው፤ ሶቅራጥስ ሰው ነው» እየተባለላት ስታንጎላጅ አስቡት።

ዴቢትና ክሬዲት፣ የሂሳብ ደብተር ግራና ቀኝ ማለት ነው፣ ሲመጣ ነቃሁ። አንዱ ልጅ ስልኩን አውጥቶ መምህሯን ሞገታት። «ካሽ ሲገባ ዴቢት ነው ብለሽናል። ይኸው ደሞዝ ሲገባልኝ ባንኩ ‹ክሬዲት ተደርጓል› ብሎ ልኮልኛል።» ክፍሉ በሙሉ ከልጁ ጋር ወገነ። እሷም «ባንኩ የሚጽፈው የራሱን ደብተር ነው። ያንተ ብር ለእሱ ዕዳ ነው» አለችው። አለቀ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባንክ ስሄድ ባለዕዳዬን ልጠይቅ የሄድኩ ነው የሚመስለኝ። ወረፋው ግን ያው ነው።

ፋይናንሻል ማኔጅመንት የጀመርነው 2015 ላይ ነው። ሃንዳውቱ የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ ነው፤ አንዳንዱ ገጽ ላይ የሌላ ሰው አውራ ጣት አብሮ ታትሟል። ውስጡ ጆን አለ። ጆን 1,000 ዶላር በ10 በመቶ ወለድ ባንክ ያስቀምጣል። በአምስት ዓመቱ 1,610 ዶላር ከ51 ሳንቲም ይሆንለታል። በሚቀጥለው ገጽ ጆን ቤት ይገዛል። ከዚያ ጡረታ ይወጣል። ጆን ታሞ አያውቅም፣ ለቅሶ አይሄድም፣ ዘመድ ከገጠር አይመጣበትም።

እኔም ጆንን ኮልፌ አምጥቼ አሰላሁት። የኛ ባንክ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። ብሔራዊ ባንክ ከ5 ወደ 7 ያደረገው ጥቅምት 2010፣ የብር ዋጋ በ15 በመቶ እንዲቀንስ ባደረገበት ሰሞን ነው። እኔ ጆንን ስተዋወቅ ደግሞ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 100,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107,000 ያወጣል። በ30 በመቶ ንረት ያ 107,000 የሚገዛው፣ አምና 82,000 ብር ገደማ ይገዛው የነበረውን ነው። እና 18,000 ብሩን ማን ወሰደው? ማንም አልሰረቀውም። ደብተሩ ላይ እንዲያውም 7,000 ጨምሯል።

ከሃንዳውቱ ጀርባ የአሁን ዋጋ ማስያ ሠንጠረዥ አለ፤ ወደፊት የሚገኝ ብር ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ የሚያሳይ። ዓመቱ ወደ ታች፣ ወለዱ ወደ ጎን። በጣቴ እየተከተልኩ 30 በመቶን ፈለግኩት። 20 ላይ ይቆማል። የቀረውን ዓምድ ፎቶኮፒ ማሽኑ ቆርጦታል። ያንን ወረቀት እስከዛሬ አስቀምጬዋለሁ።

የፋይናንሻል ማኔጅመንቱ መምህር አንድ ቀን «ከሰፈራችሁ አንድ ብድር አምጡና ትክክለኛ ወለዱን አስሉ» ብሎ አሳይመንት ሰጠን። አብዛኛው ሰው የማይክሮ ፋይናንስ ብድር አመጣ። እኔ የእማዬን እቁብ ወሰድኩ።

እማዬ የእቁብ ዳኛ ናት። ጸሐፊውም፣ ሰብሳቢውም እሷው ናት። እሁድ እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ቤታችን፣ ቡና ላይ። 20 ሰው፣ በሳምንት አንድ አንድ ሺህ። የተጠቀለሉት ወረቀቶች ጣሳ ውስጥ ገብተው ይናጣሉ፤ ትንሽ ልጅ ካለ እሱ ያወጣል፣ ከሌለ ቡና የምታፈላው። የደረሰው 20,000 ብር ይዞ ይሄዳል። ይሄዳል ስል፣ ዋስ ጠርቶ ነው። እማዬ ዋስ ሳትይዝ ለወንድሟም አትሰጥም። ሃንዳውቱ ላይ «አምስቱ የብድር መመዘኛዎች» የሚል ምዕራፍ አለ፤ ጠባይ፣ አቅም፣ ጥሪት፣ መያዣ፣ ሁኔታ። ሳነብላት «ጠባዩን ካወቅሽ ሌላው ምን ያደርግልሻል» አለችኝ። ትንሽ አስባ ደግሞ «ዋሱንም» አለች።

እቁብ የማያውቅ የለም ብዬ ነው እንጂ፣ ለፋይናንስ ተማሪ ትልቁ ነገር እጣ መሸጥ ነው። እጣ የደረሰው ሰው ብሩ ካላስቸኮለው፣ ለቸገረው ይለቅለታል። ገዢው የዛሬውን ብር ይወስዳል፤ ሻጩ በገዢው ቦታ ገብቶ ወደፊት ይጠብቃል። በዚህ መሃል ትንሽ ብር ከገዢው ወደ ሻጩ ታልፋለች። ይህቺ ትንሽ ብር ወለድ ናት። ማንም ወለድ ብሎ አይጠራትም እንጂ።

የእማዬን የድሮ ደብተር አገላበጥኩ። ስም አትጽፍም፤ በሥራቸው ነው የምትጠራቸው። በርበሬ። ሽንኩርት። ታክሲ። ጣቃ። ቤት። ከጥቅምት 2013 አንድ መስመር መረጥኩ፦ «3ኛ። በርበሬ ለቤት። 1,500።» ማለትም ሦስተኛው እጣ ለበርበሬ ነጋዴዋ ደረሰ፤ እሷም 1,500 ብር ተቀብላ ለ«ቤት» ለቀቀችለት። ቤት ማለት የቤት ደላላው ነው ብዬ ገመትኩ። እቁቡ ውስጥ አንድ ደላላ አለና።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ገዢው በ3ኛው ሳምንት በእጁ የገባው 18,500 ነው። በምትኩ የለቀቀው 20,000። ሳምንታዊው መዋጮ ለሁለቱም ስለማይቀር ከሒሳቡ ይወጣል። እስከ 20ኛው ሳምንት 17 ሳምንት አለ። 1,500 ለ18,500 ሲካፈል 8.1 በመቶ፤ ወደ ዓመት ሲቀየር 25 በመቶ ገደማ። ኮራሁ። ፊት ወጥቼ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት።

መምህሩ ጠመኔውን እያሻሸ «20ኛው ሳምንት መሆኑን ማን ነገረሽ?» አለኝ።

ዝም አልኩ።

«እጣ ነው እኮ። ሻጭዋ በሚቀጥለው እሁድም ሊደርሳት ይችላል።»

ልክ ነው። ከ4ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ባለው በየትኛውም ሊደርሳት ይችላል፤ ሁሉም እኩል ዕድል አለው። መሃሉ 12ኛው ነው። ስለዚህ በአማካይ የምትጠብቀው 17 ሳይሆን 9 ሳምንት ነው። እዚያው ቆሜ ካሲዮዬን ነካ ነካ አደረግኩ። 47 በመቶ።

ከኋላ አንዱ «አራጣ ነዋ!» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ከአስር ዘጠኝ ሰጠኝ። አንዷን የቀነሰብኝ ሠንጠረዡ ላይ መስመር ስላላሰመርኩ ነው፤ አሁንም አልወጣልኝም።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። ጥፋቴ «አራጣ» የምትለዋን ቃል አብሬ መናገሬ ነው። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። «አራጣ? እኔ ቤት? ሰው ጨንቆት፣ ለምኖ፣ አመስግኖ የሚሰጠው ነው» አለች። እኔ በበኩሌ አራጣ ነው ብዬ አላምንም። በዚያ ሰሞን 18,500 ብር በአንድ እሁድ፣ ያለ ካርታ፣ ያለ ሊብሬ የሚሰጥ ማን ነበር? 47 በመቶው የቸኮለ ሰው ዋጋ ነው። ጆን ቸኩሎ ስለማያውቅ 10 በመቶ ይበቃዋል።

በማግስቱ ዓመት ስለ አክሲዮን ገበያ ሦስት ሳምንት ተማርን። አገር ውስጥ ገበያው የለም። ቤታ እናሰላለን፤ የአክሲዮን ዋጋ ከገበያው ጋር ምን ያህል እንደሚዋዥቅ የሚለካበት ነው። ገበያውም ዋጋውም ሃንዳውቱ ላይ ብቻ። ባህር ሳያዩ ዋና እንደመማር ነበር። ከዚያ ጥር 2፣ 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ሆነ። ክፍላችን ውስጥ ፈተናውን ጨርሰን የረሳነውን ምዕራፍ እንደገና የሚያነብ ሰው አየሁ። ከዚያ ቀደም ብሎ በጥቅምት ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ሲሸጥ፣ አንዱ 300 ብር፣ ትንሹ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብሬን በቴሌብር ከፍዬ ገብቼበታለሁ። እማዬ ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «እጣው መቼ ነው የሚወጣው?»

ግን በአምስቱ ዓመት ከክፍል ይልቅ ብዙ የተማርኩት ሱቅ ውስጥ፣ ሐምሌ 22፣ 2016 ሰኞ ነው። የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን የተባለ ቀን። ዶላር ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ ነበር፤ የዚያኑ ቀን 74 ገባ፣ ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። ጋሼ ጠዋት መጡና ኮታቸውን ሳያወልቁ «ዛሬ አንሸጥም» አሉ። አንድ ኤሌክትሪሻን 2.5 ሽቦ ፈልጎ መጥቷል። ጥቅሉ ከኋላዬ መደርደሪያው ላይ ይታያል። «የለም» አልኩት። እሱም ሽቦውን እያየ «እሺ» ብሎ ሄደ።

ያኔ የእቃ ቆጠራ ዋጋ አተማመን፣ ማለትም የተሸጠና የቀረ እቃ በየትኛው የግዢ ዋጋ እንደሚቆጠር፣ ተምሬ ጨርሻለሁ። መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይወጣል፣ ወይም አማካይ ዋጋ። መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይውጣ የሚለውን ዓለም አቀፉ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ አይፈቅድም። ይህን ለጋሼ ማስረዳት ጀመርኩ። «በስንት እንደገዛሁት እኔም አውቃለሁ» አሉኝ። «ነገ በስንት እንደምገዛው ንገሪኝ።»

ተናድጄ ነበር። ያ ሰውዬ ሽቦውን እያየ መሄዱ አንጀቴን በልቶታል። ከሳምንታት በኋላ ግን ደብተሩን ስሠራ ነገሩ ገባኝ። ለምሳሌ 10 ጥቅል በ4,000 የተገዛ፣ በ5,500 ተሸጠ እንበል። 15,000 ትርፍ። ወረቀቱ ላይ ያምራል፤ ግብርም ይከፈልበታል። አዲሱ ጥቅል 6,000 ከገባ ግን የሸጥንበት 55,000 ብር 9 ጥቅል ገዝቶ ትንሽ ይተርፈዋል። 10 ሸጠን 9። ትርፍ ያልኩት ሽቦ ሆኖ ሲቆጠር ኪሳራ ነው። ጋሼ ዘጠነኛ ክፍልን አልጨረሱም። በእርግጥ ዋጋ እስኪታወቅ እቃ መደበቅን ደግፌ አይደለም፤ ደንበኛ ያጣንበትም ነው። ግን ሰውየው የሚያስበውን አሁን በቁጥር ማሳየት እችላለሁ። ለዲግሪው የከፈልኩት ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

የመውጫ ፈተናው ሰኔ 2017 ነበር። ማለፊያው 50 ነው። 63 አመጣሁ። ስለሱ ይህን ያህል ይበቃል።

አሁን ወደ ደብተሩ ልመለስ። ከተመረቅኩ በኋላ እማዬ «እንግዲህ ተምረሻል፣ ይሄን ነገር አስተካክይልኝ» ብላ የአስር ዓመት ደብተሮቿን ደረደረችልኝ። ኤክሴል ላይ መገልበጥ ጀመርኩ። ለእያንዳንዱ የሙያ ስም ሰውዬውን እየጠየቅኳት።

«ሽንኩርት?»

«የማሙሽ እናት።»

«ቤት? ደላላው ነው አይደል?»

«ደላላውማ ‹ኮሚሽን› ነው። ቤት እኔ ነኛ። የቤት ማለቴ ነው።»

ጥቅምት 2013 ላይ ጣቴን አኖርኩ። 3ኛ። በርበሬ ለቤት። 1,500።

«ይሄን ለምን ነበር የገዛሽው?»

መነጽሯን አደረገች። አየችው። «ለመመዝገቢያሽ። ምዝገባው ሊዘጋ ሦስት ቀን ቀርቶት አልነበር? ከተረፈው ያቺን ማስያሽንና ጫማ ገዛን።»

ካሲዮዋ ጠረጴዛው ላይ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ነበረች። የእኩል ምልክቷ ተልጧል።

«ያኔ ስንት ነው ያልሽኝ ወለዱ?» አለች።

«47።»

«ውድ ነው?»

«በጣም።»

መነጽሯን አውልቃ ወደ ማድቤት ገባች። ከዚያ ሆና «የበርበሬዋ እኮ 2,000 ነበር ያለችኝ፣ ተከራክሬ ነው» አለች።